የአሥራ ሁለት ሴቶች ኩፖን

እዚያ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም። መስመር ሦስት ላይ የተቀመጠች ሴት የምትጠራው በምትሰፋው ነገር ነው። ኮሌታ የምትገጥመው ኮሌታ ናት፣ እጅጌ የምትገጥመው እጅጌ፣ ሸሚዙ ደረት ላይ ኪስ የምትለጥፈው ደግሞ ኪስ። አንድ ጊዜ አዲስ ጸሐፊ መጥቶ «ስምሽን ማን ልበል?» ሲላት «ቁልፍ» ብላ መልሳ፣ እሱም «ቁልፍ» ብሎ የመዘገባት ሴት አለች፤ ሁለቱም ፈገግ አላሉም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ግራ እንዳይገባችሁ ብዬ ነው።

እትዬ ኮሌታ ሃያ ሁለት ዓመት ኮሌታ ገጥማለች። «እትዬ» የተጨመረላት በዕድሜዋ ብቻ አይደለም፣ በነገረ ሥራዋም ነው። የሰው ጉዳይ ካላማሰለች ምግብ አይረጋላትም። ባልና ሚስት ተጣሉ ሲባል መሀል የምትገኘው እሷ ናት፤ አከራይ በር ዘጋ ሲባል የምታንኳኳው እሷ ናት፤ የአንዷ ልጅ ትምህርት ጠልቶ ቤት ሲውል ጆሮውን ይዛ የምትመልሰውም እሷው ናት። ማን ጠራሽ ቢሏት «ዓይኔ» ትላለች። ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። ብቻ ልቧ ሲነሣ ጭንቅላቷን አያማክርም።

ኪስ ከጎኗ የምትቀመጥ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ፣ እጇ ግን ቀርፋፋ። ሌላዋ ሦስት ኪስ ስትለጥፍ እሷ ሁለት ነው፤ ሁለቱ ግን በማስመሪያ የተሠመሩ ነው የሚመስሉት። አባት የላትም። ያለቻት እናቷ ብቻ ናት፤ በአንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ የሰው ልብስ ስትጠግን፣ ስታሳጥር፣ ስታስረዝም ዕድሜዋን የጨረሰች፣ ለልጇም ስፌት ያስተማረች ሴትዮ።

እናትየዋ ታመመች። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር፣ ቀጥሎ ደግሞ በጀርባ መተኛት። ሐኪሙ በመሣሪያ ካየ በኋላ የልቧ በር ገጥሞ አልዘጋ ብሏል፣ ደሙ ወደኋላ እየተመለሰ ነው አለ። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ስድስት ወር፣ ግፋ ቢል ስምንት። ከዚያም የቀዶ ጥገናውን ዋጋ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለልጅቷ ሰጣት። ኪስ ወረቀቷን ፋብሪካ ይዛት መጥታ ለእትዬ ኮሌታ አሳየቻት። እትዬ ኮሌታ ዜሮዎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ቆጠረች። አልተሳሳተችም።

«በይ አይዞሽ» አለች። «እኔ እያለሁ?»

ያ «እኔ እያለሁ» የሚሉት ነገር ነው ጉዱን ሁሉ ያመጣው።

በመጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ብር አዋጡ። ከኪስ ሌላ ያሉት አሥራ ሁለቱ የመስመሩ ሴቶች በየአቅማቸው ጣል ጣል አደረጉ፤ እትዬ ኮሌታ በፖስታ አሽጋ ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ወሸቀችው። በማግሥቱ ፖስታው ሳይከፈት ተመልሶ መጣ።

«እማዬ አልቀበልም አለች» አለች ኪስ አንገቷን ደፍታ። «የላኩልኝ እንደኔው የቸገራቸው ናቸው፤ የልጆቻቸውን ጉሮሮ ዘግቼ አልድንም፣ መልሽ አለችኝ።»

«ወይ ኩራት!» አለች እጅጌ። እጅጌ የመስመሩ አፈኛ ናት። «እኔን ሰጥቶ የሚያየኝ ነው የጠፋው እንጂ!»

እትዬ ኮሌታ ግን ኮሌታዋን እየገጠመች ሌላ ነገር ታሰላስል ነበር።

የፋብሪካው ክፍያ በሠሩት ልክ ነው። ተቆርጦ የመጣው ጨርቅ ሃያ ሃያው እየታሰረ ይታደላል፤ በያንዳንዱ ጥቅል ላይ አውራ ጣት የምታህል ኩፖን አለች። ጥቅሉን የጨረሰች ሴት ኩፖኗን ነቅላ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ካርዷ ላይ በሙጫ ትለጥፋለች። በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ክፍል ኩፖን ቆጥሮ ይከፍላል። ኩፖኗ ላይ የጥቅሉ ቁጥር እንጂ የሰፊዋ ስም የለም፤ የኮሌታውም የኪሱም አንድ መልክ፣ አንድ ዋጋ ነው። ካርዶቹም እዚያው ግድግዳው ላይ ናቸው፤ እጁን የዘረጋ ይደርስባቸዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷ በሌለችበት ሰብስባ ነገረቻቸው። «ብር እጃችን ከገባ በኋላ ባል አለ፣ ልጅ አለ፣ አከራይ አለ። ኩፖን ግን ገና ብር አልሆነም። በቀን አንዳንድ ኩፖን በልጅቷ ካርድ ላይ ብንለጥፍ ምን እንሆናለን? ፖስታ አይደል አይመለስ!»

«አቶ ታርጌትስ?» አለች ቁልፍ።

አቶ ታርጌት የመስመሩ ተቆጣጣሪ ነው። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» በማለት ፈንታ «የዛሬው ታርጌት» ብሎ በቀኑ የሥራ ኮታ ስለሚጀምር ነው ስሙ የወጣለት። ቁልፍ የፈራችው ያለ ነገር አይደለም፤ ካርዶቹ ከተሰቀሉበት በላይ «በሌላ ሠራተኛ ካርድ ላይ ኩፖን የለጠፈም ያስለጠፈም በዕለቱ ይሰናበታል» የሚል ማስታወቂያ አለ።

«ተይኝ እስቲ! እሱ ቁጥር እንጂ ሰው አያይም» አለች እትዬ ኮሌታ። እውነቷን ነው፣ አያይም።

ኪስ ያወቀችው በሦስተኛው ቀን ነው። ካርዷን አየችና የሌላ ሰው መስሏት ስሟን አነበበች። የሷው ነው። «እትዬ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለች። «እንግዲያው ላጪዋ!» አለቻት እትዬ ኮሌታ። ልጅቷ የምሯን በጥፍሯ ሞከረች፤ ካርዱ ይቀደዳል እንጂ ኩፖኗ አትነሣም። እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

«እማዬ ብትሰማስ?»

«ማን ሊነግራት? እጄ ፈጠነ በያት» አለች እትዬ ኮሌታ፣ በሻሿ ጫፍ እንባዋን እየጠረገችላት። በዚያን ቀን እንዴት ደስ እንዳላት አትጠይቁኝ። ወደ ቤቷ ስትሄድ መሬት የረገጠች አይመስላትም ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ኪስ እናቷን ሐኪም ቤት ለመውሰድ በቀረችባቸው ቀናት እንኳ ካርዷ ይሞላል። አሥራ አንዱ ሴቶች በቀን አንድ ይለጥፋሉ፤ እትዬ ኮሌታ ግን አብዛኛውን ቀን እጇ አላርፍ እያለ ሁለት ትለጥፋለች። የልጅቷ ደመወዝ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ተገዛ፣ የእናትየዋ እግር እብጠት ጎደለ። ቀዶ ጥገናው ግን እዚያችው ብጣሽ ወረቀት ላይ ከነዜሮዎቹ ተቀምጧል። ከስፌት ደመወዝ ተቆጥቦ የሚደረስበት ነገር አልነበረም። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገረው ነው የጠፋው።

መሀል ላይ አንድ ቀን ጠዋት አቶ ታርጌት ፊቱ በርቶ መጣ። «የመስመር ሦስት አንደኛ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ኪስ!» አለና የልጅቷን ፎቶ በሩ ላይ ለጠፈ። «እሷ እናት እያስታመመች ይህን ከሠራች እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎም የሁሉንም ታርጌት ከፍ አደረገው።

«እንግዲህ ከራሳችን ጋር እየተሽቀዳደምን ነው» አለች እጅጌ በጥርሷ መሀል። ሳቃቸውን በስፌት መኪናው ድምፅ ውስጥ ቀበሩት። ምሳቸውን በጥድፊያ እየጎረሱ፣ ወገባቸውን እየያዙ ሠሩ እንጂ አንዷም ኩፖኗን አላስቀረችም። ይህ እንዲመዘገብላቸው እፈልጋለሁ።

በአራተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ኪስ እየሮጠች ገባች። ሮጣ አታውቅም። ሆስፒታሉ በዓመት አንዴ ለስምንት ችግረኛ ሕሙማን የልብ ቀዶ ጥገና በነፃ ያደርጋል፤ ሐኪሙ እናቷን በሕመሟ ክብደት ሦስተኛ አድርጎ ስሟን አስተላልፎላታል። የቀረው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ችግረኛነቷን ማረጋገጡ ነው። የቤት ኪራይ ውልና የምታስተዳድራት ልጅ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ ተብለዋል፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለች እትዬ ኮሌታ። ለአቶ ታርጌት ጥርሴን አመመኝ ብላ ረቡዕ ዕለት አስፈቅዳ አብራት ሄደች። የደመወዝ ማስረጃ የሚለውን ቃል ጆሮዋ ሰምቶታል። ልቧ ግን ያን ጊዜ በደስታ ተሞልቶ ነበርና፣ እንዳልኳችሁ፣ ጭንቅላቷን አላማከረም። ኪስም ብትሆን ወረቀቱን ከደመወዝ ክፍል ስትቀበል ማኅተሙን እንጂ ቁጥሩን አላየችም።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከወንበሩ በላይ ያለው ግድግዳ፣ ስንት ሰው ራሱን አስደግፎበት እንደሆነ እንጃ፣ ቀለሙ ለቆ ወዝ ይዟል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ አንድ ዘንጉ በፕላስተር የተጠቀለለ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ጠረጴዛውን በሞላው ፋይል መሀል ተቀምጧል። ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። ጨዋ ሰው ነበር፤ በኋላ እትዬ ኮሌታ ልትጠላው ሞክራ ያልቻለችውም ለዚህ ነው።

የሐኪሙን ወረቀት አነበበና ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። የኪራይ ውሉን አየ። የደመወዙን ማስረጃ ሲያይ ግን ቆየ። ደብተር አወጣ፣ ሦስቱን ወር ደመረ፣ ለሦስት አካፈለ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«እናቴ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አክስቷ» አለች እትዬ ኮሌታ ዓይኗን ሳታሽ።

«ከወሰኑ በላይ ናት። ልጅቷ የምታገኘው ለነፃው ሕክምና ከተቀመጠው የገቢ ወሰን በላይ ነው» አለና ወረቀቱን አዙሮ አሳያቸው። «በጥቂት ነው፤ ግን በላይ ነው።»

እትዬ ኮሌታ ክው አለች። የኩፖንን ዋጋ እንደ ስሟ ነው የምታውቀው፤ የሚበልጠውን ብር በኩፖን ለመመንዘር ደብተር አላስፈለጋትም። በወር አሥራ አምስት ኩፖን። አሥራ ሁለቱ ሴቶች በቀን አንዳንድ ብቻ ቢለጥፉ ኖሮ ልጅቷ ከወሰኑ በታች ትሆን ነበር። ያበለጣት ሌላ አይደለም፣ እጄ አላርፍ አለኝ እያለች የጨመረቻት ሁለተኛዋ ኩፖን ናት።

ኪስ በጠረጴዛው ሥር እጇን ጨብጣ ያዘቻት። አትናገሪ ማለቷ ነው። አሥራ ሁለት ሴት፣ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ልጆች ያሏቸው፣ አንዷ ደግሞ እርጉዝ። እትዬ ኮሌታ ይህን ሁሉ አሰበች፤ አስባም አልቻለችም፤ አፈረጠችው።

«ጌታዬ፣ ብሩ የሷ አይደለም። እኔ ነኝ የለጠፍኩት» ብላ የኩፖኑን ነገር ከሥሩ ነገረችው። የሌሎቹን አላነሣችም።

ሰውየው እስክትጨርስ ሰማት። «አምኜዎታለሁ» አለ። «ግን የኔ ማመን ምን ያደርጋል? ለስምንት ቦታ አርባ አንድ ሰው አለኝ። እኔ በወረቀት ያልሆነውን ለናንተ ከተቀበልኩ ዘጠነኛው ለምን ለኔ አልሆነም ቢለኝ የምመልስለት የለኝም። ይህን ቃልዎን ፋብሪካው ይጻፍልዎትና ማኅተም ይምታበት። እስከ ዓርብ አራት ሰዓት ያምጡልኝ፣ እኔ ራሴ ይዤው እገባለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«የሚመጣው ዓመት ዝርዝር አለ» አለና ወዲያው ያለው አሳፍሮት መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ኮሌታ መኪናዋ ላይ ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ አቶ ታርጌት ክፍል ሄደች። ግድግዳዋ መስታወት የሆነች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሴቶቹ በሙሉ እየሰፉ ያዩዋታል። በሩን ዘጋችና «በኪስ ካርድ ላይ ኩፖን ስለጥፍ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን» አለችው። «አባርረኝ። ብቻ ጽፈህ ማኅተም ምታልኝ።»

አቶ ታርጌት መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ነበር። ቀጥሎ ፊቱ አመድ መሰለ። በሩ ላይ የለጠፈውን ፎቶ በመስታወቱ አሻግሮ አየ።

«አንደኛ ናት ብዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ማኅተሙ እኔ ጋ አይደለም፣ እዚያ ነው። እዚያ ከደረሰ ደግሞ ምርመራ ነው። ይህን ሁሉ ኩፖን አንድ ሰው ብቻውን እንደማይለጥፍ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ መስመሩ በሙሉ ይጠራል። ከናንተ በፊት የምትባረረው ደግሞ ካርዱ የሷ የሆነው ልጅቷ ናት። እሱም ወር ይፈጃል። ዓርብ መቼ ነው?»

«ነገ።»

«ነገ ነው» አለና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሲያዩት ጥቂት ያረጀ መሰለ። «አልሰማሁሽም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

የዚያ ሰው ደግነት ይህችን ታህል ነበረች፤ እሷንም ቢሆን ከዚያ በፊት ማንም አላየበትም ነበር። እትዬ ኮሌታ ወጥታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቀን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ኮሌታ ገልብጣ ገጠመች። ዓርብ አራት ሰዓት ሲሆን የግድግዳውን ሰዓት ያላየች ሴት አልነበረችም፤ መኪናዎቹ ግን አልቆሙም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ኮሌታ እናትየዋን ልትጠይቅ ሄደች። ልትጠይቅ ነው ያልኩት፣ አካሄዷ ግን ልትናዘዝ ነበር። እውነቱን ነግሬ፣ እግሯ ላይ ወድቄ፣ ብትረግመኝም ልረገም ብላ ነው የተነሣችው። መንገዱን በሙሉ ቃሉን እያወጣች እያወረደች አጠናችው።

ክፍሏ አልጋ፣ ጨርቅ የለበሰች የስፌት መኪናና ሁለት በርጩማ ይዛ ሞልታለች። እናትየዋ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ኪስ ጀርባዋን ሰጥታ ጥግ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ነይ እህቴ፣ ነይ ተቀመጪ» አለች እናትየዋ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትስቃለች። «ሰማሽልኝ? ሆስፒታሉ ልጄን ሀብታም ናት አላት!»

እትዬ ኮሌታ ሳትስቅ አንዱን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ሳቂ እንጂ! እኔስ ከረቡዕ ጀምሮ ስስቅ ነው የከረምኩት።» ከትራሱ ሥር ሦስቱን የደመወዝ ወረቀቶች አወጣችና በመዳፏ አስተካከለቻቸው። ጠርዛቸው ከመነካካት ብዛት ለስልሷል። «ይህቺ ልጅ እኮ እጇ ቀርፋፋ ነበር። እሷ አንድ ጠርዝ እስክትጨርስ እኔ ቀሚስ አወጣ ነበር። እኔ ስሞት ምን በልታ ትኖራለች እያልኩ፣ አንቺ፣ ልቤን የጨረሰው እሱ ነው እንጂ በር ምናምን የሚሉት አይደለም።»

«የኔ እህት...» አለች እትዬ ኮሌታ። ያጠናችው ቃል በዚያ ነበር የሚጀምረው።

«ቆይ፣ ልጠይቅሽ» አለች እናትየዋና እጇን ያዘቻት። እጇ በረዶ ነው። «አንቺ ከጎኗ ነሽ፣ ታይያታለሽ። እኔን ደስ ይበላት ብላ አታለለችኝ ወይስ እውነት እጇ ፈጥኗል? በሞቴ አትዋሺኝ።»

ጥጉ ላይ የውኃው ድምፅ ቆመ። ኪስ አልዞረችም። ያቺኑ አንዲት ብርጭቆ ይዛ ቆማለች፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየው።

እትዬ ኮሌታ ዕድሜዋን ሙሉ ነገር ስታስተካክል የኖረች ሴት ናት። ያን ጊዜ የምታስተካክለው ምንም ነገር እንዳልቀረ ገባት። የቀረው ይህ ብቻ ነው።

«ፈጥኗል» አለች። «ኧረ ከሁላችንም በልጣለች። አንደኛ ወጥታ ፎቶዋ በር ላይ ተለጥፏል።»

«ፎቶዋ?»

«ፎቶዋ። ስንገባ ስንወጣ እናያታለን።»

እናትየዋ ዓይኗን ጨፈነችና ትራሱ ላይ ለቀቅ አለች። «በቃኝ እንግዲህ» አለች። «አሁን በኔ የተነሣ ብድር ውስጥ እንዳትገባብኝ ምከሪልኝ። ገንዘቧን ለራሷ ትኑርበት። ለኔ በየወሩ ወረቀቷን እያመጣች ታሳየኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። የቆየሁትን ያህል እሱን እያየሁ እቆያለሁ።»

ኪስ በር ድረስ ሸኘቻት። እትዬ ኮሌታ ይቅር በይኝ ልትል አልቻለችም። የተናገረችው ልጅቷ ናት፣ በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ ብታቆሙ ወረቀቱ ላይ ይቀንሳል።»

«አውቃለሁ።»

«ታየዋለች።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ግቢ ብቻዋን ናት።»

ሰኞ የመውጫው ደወል ሲደወል አሥራ ሁለቱ ሴቶች ኩፖናቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ቆሙ። ነገሩን ሁሉም ሰምተዋል። ኪስ እናቷን ለማስታመም ቀርታለች፣ ካርዷ ላይ የዕለቱ ቦታ ባዶ ነው። ሙጫውን ደፍራ የምታነሣ ጠፋች። ያቺ አፈኛዋ እጅጌ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን ምን እናድርግ?» አለች።

እትዬ ኮሌታ ሙጫውን አነሣች። አንድ ኩፖን ለጠፈች፣ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘቻት። ከዚያ እጇን ኪሷ ከትታ ሁለተኛዋን አወጣችና ከጎኗ ለጠፈች።